ያልተቀየረው እግር፦ የሁለት ደቂቃ ልብ አንጠልጣይ በሰንጋ ተራ

በአማርኛ የፊልም ማስታወቂያዎች ላይ «ልብ አንጠልጣይ» ወይም «ልብ ሰቃይ» እየተባለ የሚጻፈው የዘውግ ስያሜ የዘውጉን አሠራር በሁለት ቃላት የሚያስረዳ ነው፤ ማንጠልጠልም ሆነ መስቀል አንድን ነገር ከፍ አድርጎ ማቆየትን እንጂ መጣልን አያመለክትም፣ የተንጠለጠለ ነገር ደግሞ ገና ስላልወደቀ ተመልካቹን የሚያስጨንቀው የሆነው ሳይሆን ሊሆን ያለው ነው። የፊልም ትምህርት የሚከታተል ተማሪ የዚህን ዘውግ መክፈቻ፣ ማለትም የአንድን ፊልም የመጀመሪያ ሁለት ደቂቃ ብቻ፣ ሠርቶ እንዲያቀርብ በሚታዘዝበት ጊዜ ከካሜራና ከመብራት አስቀድሞ የሚገጥመው ጥያቄ ይኸው የማንጠልጠልና የመጣል ልዩነት ነው። ብዙ የመጀመሪያ ሙከራዎች የሚሰናከሉትም እዚሁ ላይ ነው፤ ሽጉጥ፣ ደም፣ ጨለማ ኮሪደርና ፊቱን የሸፈነ ሰው በሁለት ደቂቃ ውስጥ ተደራርበው ይመጡና ሁሉም ነገር ገና በጠዋቱ ይወድቃል፣ ተንጠልጥሎ የሚቆይ ነገር አይተርፍም።

መክፈቻን ብቻ ነጥሎ የማሠራት ልማድ በትምህርት ዓለም የታወቀ ነው። በእንግሊዝ አገር የመገናኛ ብዙኃን ጥናትን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚወስዱ ተማሪዎች ለዓመታት ሲታዘዙት የኖሩት የተግባር ሥራ ከ2 ደቂቃ ያልበለጠ የአዲስ ልብ ወለድ ፊልም መክፈቻ ከነርእሱና ከነባለሙያዎቹ ስም ማዘጋጀት ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ግን አንድ የማሟሻ ልምምድ ይሰጣቸው ነበር፤ አንድ ሰው በር ከፍቶ ይገባል፣ ክፍሉን ያቋርጣል፣ ከሌላ ሰው ፊት ለፊት ካለ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ሁለቱም ጥቂት ቃላት ይለዋወጣሉ፣ ከዚህ ያለፈ ነገር የለም። ልምምዱ የልጅ ጨዋታ ቢመስልም አመክንዮው ጠንካራ ነው፤ በር ተከፍቶ መገባቱን ሳያደናግር ማሳየት ያልቻለ ተማሪ አፈናን ወይም ግድያን ሊያሳይ አይችልም።

በኢትዮጵያ የፊልም ትምህርት ከፊልሙ በብዙ ዓመታት ዘግይቶ የመጣ ነው። የአገሪቱ የመጀመሪያ ረጅም ልብ ወለድ ፊልም የሚባለው «ሂሩት አባቷ ማነው?» የተሠራው በ1957 ዓ.ም. ሲሆን፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በፊልም ሥራ የሁለተኛ ዲግሪ መርሐ ግብር የከፈተው ግን እ.ኤ.አ. በ2014 ነው፤ በመካከሉ ባሉት አሥርት ዓመታት ሙያው በአብዛኛው የተገኘው ወይ ባሕር ማዶ በመማር ወይም በሥራ ላይ በመውደቅና በመነሣት ነበር። የቻዳዊው መሐመት ሳሌህ ሐሩን ሥራዎች የሆኑትን «አቡና» እና «ዳራት» የተባሉ ፊልሞች የቀረጸው አብርሃም ኃይሌ ብሩ በአዲስ አበባ ያቋቋመው ብሉ ናይል የፊልምና የቴሌቪዥን አካዳሚም ይህን ክፍተት ለመሙላት ከተደረጉት ጥረቶች አንዱ ነው። ዛሬ ስልክ የያዘ ሁሉ ካሜራ የያዘ በመሆኑ የመሣሪያ ችግር ቀድሞ የነበረውን ያህል አይከብድም፤ ከባዱ የሚቀረጸውን ነገር ማየቱ ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ማየት ሰንጋ ተራ የተመቸ ሰፈር ነው። ስሙን ያገኘው በአንድ ወቅት ሰንጋ በሬ ከሚሸጥበት የከብት ገበያ ሲሆን፣ ዛሬ ግን ባንኮች ዋና መሥሪያ ቤቶቻቸውን ጎን ለጎን የተከሉበት የገንዘብ መንደር ሆኗል፤ በየካቲት 2014 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሕንፃ ብቻ ከ200 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ከእነዚህ የመስታወት ግንቦች ሥር ግን ሌላ ከተማ አለ፤ የኮሜርስ ተማሪዎች፣ የ40/60 ኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች፣ የጀበና ቡና ሻጮች፣ ሱቅ በደረቴዎች፣ በሜክሲኮ አደባባይ በኩል በድልድይ ላይ እያለፈ የሚያጓራው ቀላል ባቡር፣ ተሳፋሪ የሚጠሩ የታክሲ ረዳቶች፣ በየጥጉ የተቀመጡ ሊስትሮዎች። ሰዎች በየቀኑ ይተያያሉ፣ በመልክ ይተዋወቃሉ፣ በስም ግን አይተዋወቁም፤ ልብ አንጠልጣይ ታሪክ የሚፈልገውም ይህንኑ ያልተሟላ ትውውቅ ነው። ሁሉም ሰው የሚተዋወቅበት መንደር ምስጢር ለመደበቅ አይመችም፣ ማንም ማንንም የማያይበት በረሃም ምስክር የለውም፤ ሰንጋ ተራ በሁለቱ መካከል ያለ ነው።

ጉዳዩን በተጨባጭ ለማየት አንድ የናሙና መክፈቻ መንደፍ ይጠቅማል። ካሜራው ከአስፋልቱ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ፣ በሊስትሮ ሣጥን ትክክል ተቀምጧል እንበል፤ በመሆኑም በሁለቱ ደቂቃዎች ውስጥ የማንም ሰው ፊት አይታይም፣ የሚታየው ጫማ ብቻ ነው። የሥራ መውጫ ሰዓት ነው፣ እግሮች ይተላለፋሉ። ጥቁር የሴት ጫማ መጥቶ ሣጥኑ ላይ ይወጣል፤ ሊስትሮው አቧራውን ያራግፋል፣ ቀለሙን ይቀባል፣ ይወለውላል፣ ከዚያም በብሩሹ ሣጥኑን ኳ ያደርጋል፣ ሴቲቱም ምንም ሳትባል እግሯን ትቀይራለች። ሁለተኛው ጫማ እየተጠረገ ሳለ ከበስተጀርባ፣ ከእግረኛው ፍሰት ተነጥሎ፣ ተረከዙ ቀይ ጭቃ የነካው ቡናማ የወንድ ጫማ ይቆማል። የሴቲቱ ስልክ ይጠራል፣ አታነሳውም። ሳንቲም ይቃጨላል፣ ጥቁሩ ጫማ ይሄዳል፤ ሦስት እርምጃ ያህል ቆይቶ ቡናማው ይከተለዋል። የሊስትሮው እጅ ብሩሹን እንደያዘ ለአፍታ ይቆማል፣ ከዚያ ሥራውን ይቀጥላል።

መብራቶች እየበሩ፣ እግረኛው እየሳሳ ይሄዳል። ቡናማው ጫማ ብቻውን ይመለሳል፤ ጭቃው ቅድም በተረከዙ ላይ የነበረ ሲሆን አሁን እስከ ማሰሪያው ደርሷል። ሰውየው ይቀመጣል፣ ቀኝ እግሩን ሣጥኑ ላይ ያወጣል። የማይታይ ስልክ፣ ያንኑ የሴቲቱን የጥሪ ድምፅ እያሰማ፣ ከሰውየው ኪስ ውስጥ ይጠራል። ሊስትሮው ጭቃውን ይጠርጋል፣ ቀለም ይቀባል፣ ይወለውላል፣ በብሩሹ ሣጥኑን ኳ ያደርጋል። እግሩ አይቀየርም። ደግሞ ኳ ያደርጋል። እግሩ አሁንም አይቀየርም። ጥቁር፤ ርእስ።

የዚህ ንድፍ ዋጋ ያለው የብሩሹ ድምፅ ላይ ነው። ሊስትሮ ሣጥኑን ሲመታ «እግር ቀይር» ማለቱ እንደሆነ በአዲስ አበባ ጫማ ያስጠረገ ሁሉ ያውቃል፤ ማንም አላስተማረውም፣ የትም አልተጻፈም። ፊልሙ ምልክቱን በመጀመሪያው ግማሽ በሰላም ያስተዋውቃል፣ በመጨረሻ ግን ምላሽ ይነፍገዋል፤ ሁልጊዜ ይመለስ የነበረ ጥያቄ ሳይመለስ ሲቀር የሚፈጠረው ክፍተት ከሽጉጥ ይልቅ ያስፈራል። ከሌላ አገር ፊልም የተቀዳ ጨለማ መንገድ ይህን ሊሰጥ አይችልም፣ ምክንያቱም አዲስ አበቤ ተመልካች ከዚያ መንገድ ጋር ያለው ትውውቅ ከሌላ ፊልም የተወሰደ ነው፣ ከሊስትሮው ሣጥን ጋር ያለው ትውውቅ ግን በገዛ እግሩ የተገኘ ነው።

አልፍሬድ ሂችኮክ ከፈረንሳዊው ፍራንስዋ ትሩፎ ጋር ባደረገው የታወቀ ቃለ ምልልስ ድንጋጤንና ጭንቀትን የለየበት ምሳሌ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ተራ ወሬ ሲያወሩ ከጠረጴዛቸው ሥር ያለ ቦምብ በድንገት ቢፈነዳ ተመልካቹ የሚያገኘው የ15 ሰከንድ ድንጋጤ ነው፤ ቦምቡ መቀመጡንና የሚፈነዳበትን ሰዓት አስቀድሞ ቢያውቅ ግን ያው ተራ ወሬ የ15 ደቂቃ ጭንቀት ይሆናል። ልዩነቱ የፍንዳታው ትልቅነት ሳይሆን የዕውቀት ክፍፍሉ ነው፤ ማን ምን ያውቃል፣ ማንስ አያውቅም? ኦርሰን ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1958 በሠራው «ተች ኦፍ ኢቭል» መክፈቻ ላይ አንድ እጅ ቦምብ ከመኪና ዕቃ መጫኛ ውስጥ ሲያስቀምጥ ካሳየ በኋላ ካሜራው ሳይቋረጥ ከሦስት ደቂቃ በላይ መኪናውን በከተማው ጎዳና ላይ ይከተላል፤ ሰዎች ይሳሳቃሉ፣ ፍየሎች መንገድ ይዘጋሉ፣ ተመልካቹ ብቻ ይቆጥራል። በአገር ውስጥም የ«ሰው ለሰው» ድራማ ተመልካች የአስናቀን ሥራ አስቀድሞ እያወቀ፣ ሌሎቹ ገጸ ባሕርያት በአክብሮት እጅ ሲነሡት ይንገበገብ የነበረው በዚሁ ሕግ ነው፤ አበበ ባልቻ ያንን ሰው ሲጫወት ድምፁን ከፍ ማድረግ ሳያስፈልገው ያስፈራ የነበረውም ተመልካቹ የሚያውቀውን በመያዙ ነው።

በናሙናው ውስጥ የዕውቀት ክፍፍሉ ሦስት ደረጃ አለው። ሴቲቱ ምንም አታውቅም፤ ሊስትሮው ሰውየው ሴቲቱን መከተሉን አይቷል፣ ስለሆነም ጥቂት ያውቃል፤ ሰውየው ሁሉን ያውቃል፣ ሊስትሮው ማየቱን ግን ያውቅ ይሆን? የተመልካቹ ጥያቄ ከ«ሴቲቱ የት ደረሰች?» ወደ «ይህ ልጅ አሁን ምን ይሆናል?» የሚሻገረው እግሩ ሳይቀየር በሚቀርበት ቅጽበት ሲሆን፣ መክፈቻ ማለትም ሙሉ ፊልሙን የሚሸከመውን ጥያቄ አንሥቶ ሳይመልስ መሄድ ነው። አንዳንድ ተማሪ እዚህ ላይ «ቅድም የመጣችውን ልጅ ታውቃታለህ?» የሚል ንግግር ለመጨመር ይፈተን ይሆናል፤ ይህ ግን የተንጠለጠለውን በገዛ እጅ ማውረድ ነው።

የማሟሻ ልምምዱ ትምህርት የሚፈተነው በቀረጻ ላይ ነው። ሁለት ደቂቃ 120 ሰከንድ ነው፤ አንዱ ሾት፣ ማለትም ካሜራው ሳይቋረጥ የሚቀርጸው አንድ ቁራጭ፣ በአማካይ 5 ወይም 6 ሰከንድ ቢቆይ ከ20 እስከ 24 ሾት ያስፈልጋል ማለት ነው። እነዚህ ቁርጥራጮች በተለያየ ቀንና ሰዓት ተቀርጸው ሳለ በአንድ ጊዜ የተፈጸመ ድርጊት እንዲመስሉ ከሚያደርጉት ስምምነቶች ዋነኛው የ180 ዲግሪ ሕግ ነው፤ ይኸውም በሁለት ባለጉዳዮች መካከል በሐሳብ መስመር ተሰምሮ ካሜራው ከመስመሩ በአንደኛው ወገን ብቻ እንዲቆይ የሚያዝ ነው። በሊስትሮውና በደንበኛው መካከል ያለውን መስመር ካሜራው ከተሻገረ ወደ ቀኝ ያመለክት የነበረው የጫማ አፍንጫ ወደ ግራ ይዞራል፤ በተለመደ ፊልም ይህ ቢፈጠር ተመልካቹ ፊት አይቶ ሰውየውን ይለየዋል፣ ፊት በሌለበት ፊልም ግን ሌላ ሦስተኛ ሰው የመጣ ይመስለዋል። የድርጊት መያያዝ የሚባለውም እንዲሁ ነው፤ እግሩ ወደ ሣጥኑ መነሣት ሲጀምር ከሩቅ የታየው ሾት፣ እግሩ በአየር ላይ እያለ ተቆርጦ ሣጥኑ ላይ ሲያርፍ በቅርበት ከታየው ሾት ጋር ሲገጣጠም ዓይን ስፌቱን አያየውም።

ከሁሉ የሚብሰው ችግር ግን ከቲዎሪ መጽሐፍ የማይገኝ ነው፤ የተጠረገ ጫማ ወደ ቀድሞ ቆሻሻነቱ አይመለስም። አንድ ቀረጻ በተበላሸ ቁጥር የሚያበራውን ጫማ እንደገና አቧራ ማልበስ የግድ ይሆናል፣ አቧራው ደግሞ ከቀድሞው ሾት አቧራ ጋር መመሳሰል አለበት። ቀይ ጭቃም እርጥብ ሲሆን ጠቆር ያለ፣ ሲደርቅ ፈዛዛ ስለሚሆን በአንድ ሰዓት ውስጥ መልኩን ይለውጣል። መፍትሔው ተመሳሳይ ሁለት ጥንድ ጫማ ይዞ አንደኛውን ለቆሻሻ፣ ሌላውን ለንጹሕ ማዋል፣ የእያንዳንዱን ሾት መጨረሻ በስልክ ፎቶግራፍ ማንሣትና ከቡድኑ አንድ ሰው ከዚህ ሌላ ሥራ እንዳይኖረው ማድረግ ነው፤ ሙያተኞች የትዕይንት ቀጣይነት ተቆጣጣሪ የሚሉት ይህንኑ ሰው ነው።

ብርሃን የራሱ ጠባይ አለው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ገደማ ባለው ጊዜ ውስጥ ትጠልቃለች፣ ከጠለቀች በኋላም ለካሜራ የሚበቃው ወጋገን ከ20 ደቂቃ ብዙ አያልፍም፤ በሰሜን አውሮፓ የበጋ ምሽት ላይ የሚሠራ ቀራጭ የሚያገኘው ረጅም ድንግዝግዝታ እዚህ የለም። ስለዚህ የቡናማው ጫማ መመለሻ በአንድ ምሽት አያልቅም፣ ሦስት ወይም አራት ምሽት በተመሳሳይ ሰዓት መመላለስን ይጠይቃል። በሌላ በኩል ሰንጋ ተራ ለድሀ ቀራጭ ያዘጋጀችው ስጦታ አላት፤ ከሰዓት በኋላ ግንቦቹ መንገዱን በጥላ ሲሸፍኑት ከፊት ለፊት ያሉት መስታወቶች የፀሐዩን ጨረር እየመለሱ በአስፋልቱ ላይ ይጥሉታል፣ ይህም በገንዘብ የሚከራይ አንጸባራቂ የሚሠራውን በነፃ የሚሠራ ነው፤ ችግሩ ከፀሐይዋ ጋር እየተንቀሳቀሰ ተዋናዩን ጥሎት መሄዱ ነው። ከጨለመ በኋላ ደግሞ የኤሌክትሪክ ኃይሉ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚዞር በመሆኑ አንዳንድ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ፤ ዓይን ባያየውም ካሜራ ያየዋል፣ የካሜራው መዝጊያ ፍጥነት በ1/50 ወይም በ1/100 ሰከንድ ላይ ካልተወሰነ በምስሉ ላይ የሚንከባለል ጥላ ይመጣል።

ካሜራ ይዞ ባንኮች ፊት የሚቆምን ቡድን ጥበቃዎች መጥተው መጠየቃቸው አይቀርም፤ ጥበቃው ሥራውን ነው የሚሠራው፣ ተማሪውም ከትምህርት ቤቱ የትብብር ደብዳቤ አጽፎ፣ የሚመለከታቸውን አስቀድሞ አስፈቅዶ መምጣት የራሱ ሥራ ነው። ድሮን ማስነሣት የሚያምረው ካለ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርን ፈቃድ የሚጠይቅ ጉዳይ መሆኑን ማወቅ አለበት፣ አሻንጉሊት ሽጉጥም ቢሆን በዚህ ሰፈር መንገድ ላይ ማውጣት ከድፍረት የሚቆጠር ሳይሆን ከቂልነት ነው። አስቂኙ ነገር በናሙናው ውስጥ ካሜራው ከመሬት ስንዝር የማይርቅ በመሆኑ አንድም ሕንፃ በምስሉ ውስጥ አለመግባቱ ነው፤ መሬት ላይ በሆዱ የተኛ ቀራጭ ግን ቆሞ ከሚቀርጸው ይልቅ ያስጠረጥራል።

በዚህ ረገድ የኃይሌ ገሪማ የተማሪነት ዘመን ሥራ ሊታለፍ የማይገባው ምሳሌ ነው። በጎንደር ተወልዶ ወደ አሜሪካ የተሻገረው ገሪማ በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ሲማር እ.ኤ.አ. በ1971 «አወር ግላስ» የተባለ አጭር ፊልም ሠርቷል፤ በኋላ ለመመረቂያው ያዘጋጀው «ቡሽ ማማ» በሎስ አንጀለስ የጥቁሮች ሰፈር የምትኖርን ዶረቲ የተባለች ሴት ሕይወት የሚከተል፣ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም የተቀረጸ ሥራ ነው። ቡድኑ በመንገድ ላይ በሚሠራበት ጊዜ ፖሊሶች አስቁመው ፈተሿቸው፤ ካሜራው ግን መዞሩን አላቆመም፣ ገሪማም ይህን በእውን የተፈጸመ ፍተሻ ከፊልሙ መክፈቻ ውስጥ አስገባው። በዚህ ምስል ላይ የከተማው ሁካታና የመንግሥት ድጎማ መሥሪያ ቤት ጥያቄዎች እንደ መደዳ ጥይት ይዘንባሉ። ተመልካቹ ስለ ዶረቲ ገና አንድም ነገር ሳይነገረው በየደረጃው የሚጠየቅ፣ የሚፈተሽ፣ የሚጠረጠር ሰው ዓለም ውስጥ መግባቱን ያውቃል።

«ቡሽ ማማ» በዘውጉ ልብ አንጠልጣይ አይደለም፣ መክፈቻው ግን ብዙ ልብ አንጠልጣዮች ያላገኙትን አግኝቷል፤ ምክንያቱም ፍርሃቱ ከቦታው የወጣ ነው። ይህ ማለት የሰንጋ ተራ ተማሪ ከጥበቃ ጋር እሰጥ አገባ ገጥሞ ይቅረጽ ማለት አይደለም፤ በሎስ አንጀለስ የሆነው ሳይታሰብ የሆነ ነበር፣ ሆን ተብሎ የሚጫር ጠብ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ቁም ነገሩ ገሪማ ሥራ የሚያስፈታ እንቅፋት የመሰለውን ነገር የፊልሙ ጉዳይ አድርጎ ማየቱ ነው። በሰንጋ ተራም አንድ ጥበቃ ሁለት እርምጃ ቀርቦ ሲቆም፣ ጫማውን ብቻ ያየ ተመልካች ማን እንደቆመ አለማወቁ ለንድፉ የሚጨምረውን ነገር ማስተዋል ይቻላል።

ሊስትሮውን ማን ይጫወተው የሚለው ጥያቄ በችኮላ የሚታለፍ አይደለም። ብሩሽ ይዞ የማያውቅ የክፍል ጓደኛ ጫማ ሲጠርግ እጁ ይናገራል፤ እውነተኛው ሊስትሮ ጨርቁን በሁለት እጁ ወጥሮ ሲስበው የሚወጣው ፉጨት መሰል ድምፅ፣ የቀለሙን ክዳን በአንድ ጣት የሚያዞርበት ፍጥነት በሁለት ቀን ልምምድ አይገኝም። እውነተኛ ሊስትሮ ከተመረጠ ግን የዋለበት ሰዓት ከገበያው የተወሰደ በመሆኑ በቀን ገቢው ልክ ሳይሆን ከዚያ በላይ ሊከፈለው ይገባል፤ ዕድሜው ካልደረሰም ያሳዳጊው ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ታሪኩንም እንደማንኛውም ተዋናይ መስማት መብቱ ነው። በነገራችን ላይ ንድፉን ለመፈተን ከመምህሩ ይልቅ የሚሻለው ዳኛ እሱ ነው፤ ደንበኛ ሳንቲም ሳይከፍል ተነሥቶ ሊሄድ ሲል ሊስትሮ ሣጥኑን እንዴት እንደሚመታ የሚያውቅ ሌላ ማንም የለም፣ ያ ምት «እግር ቀይር» ከሚለው ይለያል።

ድምፅ የዚህ ሥራ ግማሽ አካል ነው፤ ፊት በሌለበት ፊልም ውስጥ ከግማሽም ይበልጣል። ፍሪትዝ ላንግ እ.ኤ.አ. በ1931 በሠራው «ኤም» ውስጥ ነፍሰ ገዳዩ በመጀመሪያ ጥላ፣ ቀጥሎም ፉጨት ሆኖ ነው የሚታወቀው፤ ፊቱ የሚመጣው በኋላ ነው። በሰንጋ ተራ ግን ካሜራው ላይ የተገጠመ ማይክ የሚይዘው የባቡሩን ጉርምርምታ፣ የመኪና ጥሩምባና የረዳቶችን ጥሪ ብቻ ነው፤ አንዱ ሾት ውስጥ ከቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ የሚመጣ ዜማ ተሰምቶ በሚቀጥለው ቢጠፋ ስፌቱ ይፈነዳል። ስለዚህ የብሩሹ ምት፣ የጨርቁ ስበትና የሳንቲሙ ቅጭልታ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ለየብቻ ተቀርጸው በኋላ ይጫናሉ፤ የቦታው ባዶ ድምፅም፣ ማንም ሳይንቀሳቀስ ቢያንስ ለአንድ ደቂቃ፣ በየምሽቱ ይቀረጻል፣ ይህም ቁርጥራጮቹን ከሥር ሆኖ የሚያያይዝ ምንጣፍ ነው። ብልህ ድምፅ አቀናባሪ ከዚህ በኋላ የሚያደርገው መጨመር ሳይሆን መቀነስ ነው፤ ቡናማው ጫማ ሲመለስ ረዳቶቹ አንድ በአንድ ዝም ይላሉ፣ ባቡሩ ይርቃል፣ በመጨረሻ ብሩሹ ብቻውን ይቀራል።

ሙዚቃ ቢቀር ይመረጣል። ከመረብ የወረደ የውጭ አገር ማጀቢያ መለጠፍ በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፊት የሚያስጠይቅ ከመሆኑም በላይ ተመልካቹን «አሁን ፍራ» ብሎ የሚያዝ ነው። የስም ዝርዝሩ አቀማመጥ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የሚተላለፉት እግሮች በግራና በቀኝ ባዶ ቦታ ስለሚተዉ ስሞቹ በእግሮቹ መካከል ብቅ እያሉ በሚያልፍ ጫማ እየተጋረዱ ቢጠፉ ጽሑፉ ራሱ የታሪኩ አካል ይሆናል። የፊደሉ ቅርጽ ቀጭን ከሆነ በስልክ መስኮት ላይ ተቀራራቢ ፊደላት እንደሚምታቱ ማስታወስም አይከፋም።

የአዲስ አበባ ተማሪ ከሌላ ከተማ ተማሪ የሚለይበት አንድ ችግር አለ፤ የቀረጸበት ቦታ እስኪመለስ ድረስ ላይጠብቀው ይችላል። ስሙን ከጣሊያን የመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤቶች ተቋም አጠራር የወረሰው ካዛንቺስ፣ የኮሪደር ልማት በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ፣ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አብዛኛው ነባር ሰፈሩ ፈርሶ መልኩን ለውጧል፤ በዚያ ሰፈር ግማሽ ፊልም ቀርጾ የነበረ ሰው ሌላኛውን ግማሽ የሚቀርጽበት ግድግዳ አላገኘም። ለታሪክ ጸሐፊ እንዲህ ያለው የተማሪ ፊልም ሳያስበው ሰነድ ይሆናል፣ ለኤዲተሩ ግን ራስ ምታት ነው።

በሰንጋ ተራም የሊስትሮው ጥግ ለማሟያ ቀረጻ ሲመለሱ በቆርቆሮ ታጥሮ ቢገኝ የመጀመሪያው ሐሳብ ተመሳሳይ ጥግ በሌላ ቦታ መፈለግ ይሆናል። ሆኖም የግንባታ ቆርቆሮ ብዙ ጊዜ ከመሬት ጋር ሙሉ በሙሉ አይገጥምም፣ ከሥሩ የአንድ ስንዝር ያህል ክፍተት ይተዋል፤ ካሜራው ደግሞ ከመጀመሪያውም የተቀመጠው በዚያው ከፍታ ላይ ነው። በአዲሱ ሾት ሊስትሮው ሣጥኑን ወደ ቆርቆሮው ዳር አዛውሮ ተቀምጧል። ከአጥሩ በስተጀርባ ቀይ አፈር ተቆፍሮ ተከምሯል፣ አንድ ጥቁር የሴት ጫማ ብቻውን በጎኑ ተኝቷል፣ ግማሹ የተወለወለ ነው፤ ከአጥሩ በስተዚህ ቡናማው ጫማ ሣጥኑ ላይ ወጥቶ ይጠብቃል፣ ብሩሹም ሣጥኑን ኳ ያደርጋል።